የታካሚ መዝገብ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተከለሰ በዳታቤዝ ውስጥ ለመከታተል የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

የሕክምና ዳታቤዝ የሚያስተዳድሩ ባልደረቦች ደጋግመው የሚያቀርቡልኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «እያንዳንዱ የታካሚ መዝገብ ለመጨረሻ ጊዜ የተሻሻለበት ቀን በሲስተሙ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ታዲያ መዝገቡ መቼ እንደተከለሰ ለማወቅ ይኸው ቀን አይበቃም?» አይበቃም። የተሻሻለበት ቀን የሚያመለክተው በመዝገቡ ውስጥ አንድ ፊደል እንኳ ቢሆን የተለወጠበትን ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ባለሙያ መዝገቡን አንብቦ ይዘቱ አሁንም ትክክል መሆኑን ማረጋገጡን ከዚህ ቀን ማወቅ አይቻልም። ስልክ ቁጥር ያስተካከለ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ቀኑን ይለውጠዋል፤ የመድኃኒት ዝርዝሩን ከታካሚው ጋር ተቀምጣ አንድ በአንድ ያመሳከረችና የሚለወጥ ነገር ያላገኘች ፋርማሲስት ግን አትለውጠውም። በዚህ ምክንያት ሁሉም ነገር ትክክል ሆኖ የተገኘበት ክለሳ በዳታቤዙ ውስጥ ምንም ዱካ ሳይተው ያልፋል።

መዝገቡ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተበት ቀንም ከዚህ አይሻልም፤ መዝገብ በስህተት ይከፈታል፣ ለክፍያ ጉዳይ ይከፈታል፣ ተከፍቶም ሳይነበብ ይዘጋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የተዘረዘረው አሠራር ክለሳን ራሱን የቻለ ድርጊት አድርጎ፣ በራሱ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ክፍል እና የትኛውን ስሪት እንደከለሰ አሟልቶ ይመዘግባል። መመሪያው የተዘጋጀው እንደ ፖስትግሬስኪውኤል፣ ማይኤስኪውኤል ወይም ኤስኪውኤል ሰርቨር ባሉ ዳታቤዞች ለሚሠሩ ሲሆን፣ መዝገባቸውን በኤክሴል ለሚይዙ ትንንሽ ተቋማት የሚሆን ምክር መጨረሻ ላይ ተጨምሯል።

ለሥራው የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አዲስ ሠንጠረዥ ለመፍጠርና የተጠቃሚዎችን ፈቃድ ለመወሰን የሚያስችል የአስተዳዳሪ ፈቃድ።
- የዋናውን ዳታቤዝ አወቃቀር የያዘ የመሞከሪያ ቅጂ። በውስጡ የሚገባው መረጃ የእውነተኛ ሰዎች መሆን የለበትም። ሲንቲያ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በምናብ የተፈጠሩ ታካሚዎችን መዝገብ ስለሚያመርት ለዚህ ይጠቅማል።
- ተሞክሮ የተረጋገጠ የመጠባበቂያ ቅጂ። ተወስዶ ወደ ቦታው ተመልሶ ያልተሞከረ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል።
- የሠራተኞች ዝርዝር፣ ከእያንዳንዱ ሰው የግል መግቢያ ስምና የሥራ ድርሻ ጋር።
- የትኛው መረጃ በምን ያህል ጊዜ መከለስ እንዳለበት ኃላፊነት ያለበት የሕክምና ባለሙያ የፈረመበት ሰነድ።

በመጨረሻ የተጠቀሰው ሰነድ ሳይኖር ሥራውን አይጀምሩ። የጊዜ ገደቡን ፕሮግራመሩ በግምት ካስገባው ግምቱ ሳይታወቅ የተቋሙ ሕግ ይሆናል፤ ከዓመት በኋላም «ይህን 180 ቀን ማን ወሰነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ ሰው አይገኝም።

ማስጠንቀቂያ፦ ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በመጀመሪያ በሥራ ላይ ባለው ዳታቤዝ ላይ አይሞክሩ። በስህተት «ተከልሷል» ተብሎ የተመዘገበ የአለርጂ ዝርዝር ጨርሶ ካልተከለሰው የበለጠ አደገኛ ነው፤ ያልተከለሰውን የሚያየው ሐኪም ታካሚውን መልሶ ይጠይቃል፣ ተከልሷል የተባለውን የሚያየው ግን አምኖት ያልፋል።

ደረጃ 1፦ «ተከለሰ» ማለት ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይወስኑ

ለእያንዳንዱ ዓይነት መረጃ ክለሳ የሚባለው ድርጊት ምን እንደሚያካትት በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ለምሳሌ ለመድኃኒት ዝርዝር «ባለሙያው ታካሚው በአሁኑ ጊዜ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከታካሚው ወይም ከአስታማሚው ጠይቆ፣ መጠናቸውንና አወሳሰዳቸውን በመዝገቡ ካለው ጋር አመሳክሯል» ሊባል ይችላል። ይህን ማድረግ የሚፈለገው ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ቁልፍ ተጭነው የተለያየ ነገር ማለታቸው እንዳይሆን ነው። አንዱ ዝርዝሩን በዓይኑ ገረፍ አድርጎ፣ ሌላው ታካሚውን ጠይቆ «ተከልሷል» ካሉ የሚገኘው ቀን ለሁለቱም አንድ ስለሚሆን ልዩነቱን በኋላ መለየት አይቻልም።

ማን መከለስ እንደሚችልም እዚሁ ይወስኑ። የአለርጂ ዝርዝርን ነርስ ሊከልሰው ይችል ይሆናል፤ ሥር የሰደዱ በሽታዎችን ዝርዝር ግን ሐኪም ብቻ እንዲከልሰው ተቋሙ ሊወስን ይችላል።

ደረጃ 2፦ መዝገቡን በክፍል በክፍሉ ይለዩ

«የታካሚው መዝገብ ተከልሷል» የሚል አንድ ጠቅላላ ቀን አይያዙ። መዝገብ በውስጡ የአለርጂ ዝርዝር፣ የመድኃኒት ዝርዝር፣ የበሽታዎች ዝርዝር፣ የክትባት ታሪክ፣ አድራሻና የቅርብ ተጠሪ የያዘ በመሆኑ፣ አንዱ ክፍል በተከለሰበት ቀን ሌላው ሳይነካ ሊቀር ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወይም በ4 ክፍሎች መጀመር ይበቃል፤ በአንድ ጊዜ 15 ክፍል ያወጡ ተቋማት ሠራተኞቻቸው ሁሉንም ቁልፍ ሳያዩ እየተጫኑ እንዲያልፉ አስገድደዋቸዋል።

በዚህ ደረጃ ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልገው ባዶ ዝርዝር ነው። የአለርጂ ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን ታካሚው አለርጂ የለበትም ማለት ነው ወይስ የጠየቀው ሰው የለም? ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ስለሆኑ ዳታቤዙም ለይቶ መያዝ አለበት። ኦፕን ኤምአርኤስ የተባለው የሕክምና መዝገብ ሲስተም የአለርጂን ሁኔታ «አይታወቅም»፣ «የሚታወቅ አለርጂ የለም» እና «ዝርዝሩን ይመልከቱ» ብሎ በ3 ይለየዋል። በስኖሜድ ሲቲ የኮድ ሥርዓትም «የሚታወቅ አለርጂ የለም» የሚለው ሐሳብ 716186003 የሚል የራሱ ኮድ አለው። የእርስዎ ሲስተም እንዲህ ያለ መለያ ከሌለው ከክለሳው ሥራ በፊት ይህን ያስተካክሉ።

ደረጃ 3፦ የክለሳ ሠንጠረዡን ይፍጠሩ

በታካሚው ሠንጠረዥ ላይ «መጨረሻ የተከለሰበት ቀን» የሚል ዓምድ መጨመር ቀላሉ መንገድ መስሎ ይታያል። ነገር ግን አዲስ ቀን በተጻፈ ቁጥር የቀድሞው ስለሚጠፋ፣ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ እንደተከለሰና ማን እንደከለሰው የሚያሳይ ታሪክ አይቀርም፤ በስህተት የገባ ቀንም ከተጻፈ በኋላ ወደ ቀድሞው መመለሻ የለውም። በዚህ ፋንታ እያንዳንዱ ክለሳ አንድ ረድፍ የሚሆንበት የተለየ ሠንጠረዥ ይፍጠሩና የሚከተሉትን ዓምዶች ይስጡት፦

- የክለሳው መለያ ቁጥር።
- የታካሚው መለያ ቁጥር። ስም አይግባ፤ ስም ይለወጣል፣ ይደገማል፣ ሚስጥርም ነው።
- የተከለሰው ክፍል።
- ክለሳው በተካሄደበት ጊዜ ክፍሉ የነበረው የስሪት ቁጥር (ክፍሉ በተለወጠ ቁጥር የሚጨምር ቁጥር)።
- ክለሳው የተካሄደበት ጊዜ።
- ክለሳው ወደ ዳታቤዙ የገባበት ጊዜ።
- የከለሰው ባለሙያ መለያ እና በዚያን ጊዜ የነበረው የሥራ ድርሻ።
- ውጤቱ፦ «ለውጥ የለም»፣ «ተስተካክሏል» ወይም «አልተጠናቀቀም»።
- ይህ ረድፍ ሌላ ረድፍ የሚሽር ከሆነ የሚሻረው ክለሳ መለያ ቁጥር።

ከእነዚህ ውስጥ 3ቱ ለምን እንደሚያስፈልጉ በተደጋጋሚ ስለምጠየቅ ላብራራ። የስሪት ቁጥሩ የሚያስፈልገው አንድ ባለሙያ ዝርዝሩን እያነበበ ሳለ ሌላ ባለሙያ በሌላ ኮምፒዩተር አዲስ መድኃኒት ሊያስገባ ስለሚችል ነው፤ የስሪት ቁጥር ከሌለ የመጀመሪያው ሰው ያላየውን መድኃኒት እንዳረጋገጠ ተደርጎ ይቆጠራል። የሥራ ድርሻው በረድፉ ላይ መጻፍ ያለበት፣ የያኔው ተለማማጅ ከ2 ዓመት በኋላ ስፔሻሊስት ሊሆን ስለሚችልና አሁን ካለው የሠራተኛ ሠንጠረዥ የሚገኘው ድርሻ የያኔውን ስለማያሳይ ነው። «አልተጠናቀቀም» የሚለው ውጤት ደግሞ ታካሚው ድንገት ሲሄድ ወይም መድኃኒቶቹን ሳያስታውስ ሲቀር ባለሙያው በቅንነት የሚመርጠው አማራጭ ነው። ይህ አማራጭ ከሌለ ባለሙያው ወይ ይዋሻል፣ ወይ ምንም ሳይመዘግብ ያልፋል።

ሠንጠረዡ በታካሚ መለያ፣ በክፍል እና ከአዲስ ወደ አሮጌ በተደረደረ የክለሳ ጊዜ ላይ አንድ የጋራ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) ይኑረው። የመጨረሻውን ክለሳ የሚፈልግ ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚቀርብ የመረጃ ጥያቄ) ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል ስለሚፈልግ፣ ሠንጠረዡ ሲያድግ የፍጥነቱ ልዩነት በግልጽ ይታያል።

ደረጃ 4፦ የጊዜ አያያዙን ያስተካክሉ

ጊዜውን ከሰርቨሩ ሰዓት እንጂ ከተጠቃሚው ኮምፒዩተር አይውሰዱ፤ ባትሪው የደከመ አንድ ኮምፒዩተር ክለሳን ዓመታት ወደኋላ ሊመልስ ይችላል። ሲያስቀምጡ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ያስቀምጡ፣ ሲያሳዩ ወደ ተጠቃሚው የሰዓት ሰቅ ይቀይሩ። በስክሪን ላይ የሚታየው የዘመን አቆጣጠር ማንኛውም ቢሆን በዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጠው አንድ ብቻ መሆን አለበት፤ በሁለት አቆጣጠር የተቀላቀሉ ቀኖች ከዓመታት በኋላ መለየት የማይቻልበት ደረጃ ይደርሳሉ። ቀን በጽሑፍ ሲለዋወጡም ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚለው ቅደም ተከተል፣ ለምሳሌ 2025-03-10 ብለው ይጻፉ። 03/04 ተብሎ የተጻፈን ቀን አንዱ ማርች 4፣ ሌላው ኤፕሪል 3 አድርጎ ያነበዋል።

በማይኤስኪውኤል ለሚሠሩ አንድ የተደበቀ ወጥመድ አለ። ከ8.0 በፊት በነበሩ ስሪቶች ውስጥ በቅንብር ካልተለወጠ በስተቀር፣ በሠንጠረዡ ውስጥ የመጀመሪያው የታይምስታምፕ (ቀንና ሰዓት የሚይዝ) ዓምድ ያለ ተጨማሪ መግለጫ ከተፈጠረ ረድፉ በተነካ ቁጥር በራሱ ወደ አሁኑ ጊዜ ይለወጣል። እንዲህ ያለ ዓምድ ለክለሳ ቀን ከዋለ የማስታወሻ ጽሑፍ ማስተካከል ብቻውን መዝገቡን «ዛሬ የተከለሰ» ያደርገዋል።

በመጨረሻም ክለሳው የተካሄደበት ጊዜ ወደ ዳታቤዙ ከገባበት ጊዜ በኋላ እንዳይሆን የሚከለክል ገደብ በሠንጠረዡ ላይ ያድርጉ። ነገ የተከለሰ መዝገብ የለም።

ደረጃ 5፦ ፈቃዶችን ይገድቡ

የሕክምና ሲስተሙ የሚጠቀምበት አካውንት በክለሳ ሠንጠረዡ ላይ የማስገባትና የማንበብ ፈቃድ ብቻ ይኑረው፤ የማሻሻልና የመሰረዝ ፈቃድ አይስጡት። የተሳሳተ ክለሳ ሲገኝ የሚታረመው የተሳሳተውን ረድፍ የሚሽር አዲስ ረድፍ በማስገባት ነው። እንዲህ ሲሆን ስህተቱም፣ እርማቱም፣ ያረመውም ሰው ይታወቃሉ፤ ጠያቂ በመጣ ጊዜም ታሪኩ እንዳለ ይቀርባል።

የጋራ መግቢያ ስም ካለ እዚሁ ላይ ያስቀሩት። «ነርስ1» በሚል ስም 6 ሰው የሚገባበት ተቋም ማን እንደከለሰ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ደረጃ 6፦ ባለሙያው የሚጫነውን ቁልፍ ይንደፉ

የአሠራሩ ጥራት ከሠንጠረዡ ይልቅ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። በቁልፉ ላይ «እሺ» ወይም «ተከልሷል» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ በደረጃ 1 የተወሰነውን ድርጊት በአጭሩ ይጻፉበት፤ ለምሳሌ «መድኃኒቶቹን ከታካሚው ጋር አመሳክሬያለሁ»። ሰው ያላደረገውን ነገር አድርጌያለሁ ከሚል ዓረፍተ ነገር ሥር ለመጫን ያመነታል፤ «እሺ»ን ለመጫን ግን አያመነታም።

ቁልፉ ከዝርዝሩ ግርጌ ይሁን፣ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት አይሁን፣ የሚሠራውም ለአንድ ክፍል ብቻ ይሁን። «ሁሉንም እንደተከለሰ መዝግብ» የሚል ቁልፍ እንዲሠራልዎ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ እኔ ሳልፈቅድ ቆይቼ በመጨረሻ ፈቅጄ አይቻለሁ፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ቁልፍ የተጫነ ሰው አላየሁም።

ቁልፉ ሲጫን ፕሮግራሙ ባለሙያው የከፈተው ስሪት አሁን ካለው ጋር አንድ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። ካልሆነ ክለሳውን ሳይቀበል ምን እንደተለወጠ ያሳየውና እንደገና እንዲያረጋግጥ ይጠይቀው።

ደረጃ 7፦ የጊዜ ገደቦቹን በራሳቸው ሠንጠረዥ ያስቀምጡ

የተፈረመበትን ሰነድ ወደ አንድ ትንሽ ሠንጠረዥ ይገልብጡት፦ የመዝገቡ ክፍል፣ የታካሚው ምድብ፣ የጊዜ ገደቡ፣ ሕጉ መሥራት የጀመረበት ቀን። ገደቡን በፕሮግራሙ ኮድ ውስጥ ከጻፉት ለውጥ በተደረገ ቁጥር ፕሮግራመር ያስፈልጋል። በተመሳሳይ ምክንያት «ቀጣዩ ክለሳ የሚደርስበት ቀን» ብለው በየታካሚው ላይ አስልተው አያስቀምጡ፤ ገደቡ ከ12 ወር ወደ 6 ሲቀነስ ቀድሞ የተሰላው ሁሉ የተሳሳተ ይሆናል። ሪፖርቱ በሚጠራበት ጊዜ ይሰላ።

ገደቡ በወር ነው ወይስ በቀን የሚለው መወሰኑን ያረጋግጡ። 6 ወርና 180 ቀን አንድ አይደሉም። በጃንዋሪ 31 ላይ 1 ወር ሲጨመር ፖስትግሬስኪውኤል የፌብሩዋሪን የመጨረሻ ቀን ይሰጣል፤ ራስዎ የጻፉት ስሌት ግን ወደ ማርች ሊሻገር ይችላል።

ደረጃ 8፦ ክለሳ የደረሰባቸውን የሚያወጣውን ኩዌሪ ይጻፉ

ኩዌሪው 4 ሥራዎችን በቅደም ተከተል ያከናውናል። በመጀመሪያ ከክለሳ ሠንጠረዡ የተሻሩትን፣ የሚሽሩትን እና «አልተጠናቀቀም» የተባሉትን ረድፎች ያስወጣል። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ታካሚና ክፍል የመጨረሻውን ክለሳ ይመርጣል፤ ለዚህ ረድፎቹን በታካሚና በክፍል ቡድን እየለዩ ከአዲስ ወደ አሮጌ ቁጥር ሰጥቶ ቁጥር 1 የሆነውን መውሰድ ይሻላል፤ ትልቁን ቀን ብቻ መውሰድ ማን እንደከለሰና የትኛውን ስሪት እንደከለሰ አያመጣልዎትም። ሦስተኛ፣ ውጤቱን ከታካሚዎች ሠንጠረዥ ጋር ያገናኛል። አራተኛ፣ ያለፉትን ቀናት ከገደቡ ጋር ያነጻጽራል።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በሦስተኛው ላይ ነው። ማገናኘቱ የሚጀምረው ከታካሚዎች ሠንጠረዥ ሆኖ፣ ሌፍት ጆይን በተባለው ዓይነት፣ ማለትም በክለሳ ሠንጠረዡ ውስጥ ምንም ረድፍ የሌለውንም ታካሚ ይዞ በሚቀረው መንገድ መሆን አለበት። ተራውን ማገናኛ ከተጠቀሙ አንድም ጊዜ ተከልሶ የማያውቅ ታካሚ ከሪፖርቱ ይሰወራል፤ ሪፖርቱ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያሳየው የሚገባው ደግሞ እርሱን ነበር። ሌፍት ጆይን ተጠቅመውም በክለሳው ቀን ላይ የተቀመጠውን ማጣሪያ በዌር ሐረግ (ረድፎችን በሚያጣራው የኩዌሪው ክፍል) ውስጥ ካስገቡት ባዶ ቀን ያላቸው ረድፎች ይወድቃሉ፣ ውጤቱም ከተራው ማገናኛ ጋር አንድ ይሆናል። ማጣሪያውን በማገናኛው ሁኔታ ውስጥ ይጻፉት፤ ወይም «ቀኑ ባዶ ከሆነ» የሚለውን አማራጭ በግልጽ ይጨምሩ።

በቅደም ተከተል አደራደሩም ላይ ይጠንቀቁ። ከአሮጌ ወደ አዲስ ሲደረደር ፖስትግሬስኪውኤልና ኦራክል ባዶ ቀኖችን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ማይኤስኪውኤልና ኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ መጀመሪያ ላይ። የመጀመሪያዎቹን 50 ታካሚዎች ብቻ የሚያሳይ ሪፖርት በፖስትግሬስኪውኤል ላይ ተከልሰው የማያውቁትን በሙሉ ሊደብቃቸው ይችላል። ባዶዎቹ መጀመሪያ እንዲመጡ በኩዌሪው ላይ በግልጽ ይዘዙ።

ከዚህ በተጨማሪ ስሪቱን ያነጻጽሩ። ቀኑ ገና ቢሆንም ክፍሉ ከክለሳው በኋላ ከተለወጠ ታካሚው ዝርዝሩ ውስጥ መግባት አለበት። የሞቱ ወይም ወደ ሌላ ተቋም የተዛወሩ ታካሚዎች ከሪፖርቱ ይውጡ፣ ታሪካቸው ግን አይሰረዝ።

ደረጃ 9፦ የቆዩ ክለሳዎችን በጥንቃቄ ያስገቡ

በወረቀት ላይ ቀንና ፊርማ ያለው ክለሳ ካለ፣ የተካሄደበትን እውነተኛ ቀን በአንዱ ዓምድ፣ የገባበትን ቀን በሌላው አድርገው ያስገቡት። ማስረጃ የሌለውን ባዶ ይተዉት። ባዶውን ላለማየት ሲባል 1900-01-01 ወይም 1970-01-01 የሚሞሉ አሉ። እነዚህ ቀኖች በሪፖርቱ ላይ «ከ50 ዓመት በላይ በፊት የተከለሰ» የሚል ውጤት ከመስጠታቸውም በላይ አማካይ የክለሳ ጊዜውን ሙሉ በሙሉ ያበላሹታል።

ደረጃ 10፦ በታወቁ መልሶች ይፈትኑ

በመሞከሪያው ቅጂ ላይ ዛሬ 2025-03-10፣ ገደቡም 180 ቀን እንደሆነ አድርገው የሚከተሉትን 5 ታካሚዎች ያስገቡ፦

- ታካሚ 101፦ 2024-11-02 ተከልሷል። 128 ቀን ሆኖታል፤ በዝርዝሩ ውስጥ መታየት የለበትም።
- ታካሚ 102፦ 2024-08-15 ተከልሷል። 207 ቀን ሆኖታል፤ በ27 ቀን እንዳለፈበት መታየት አለበት።
- ታካሚ 103፦ ተከልሶ አያውቅም። በዝርዝሩ አናት ላይ መታየት አለበት።
- ታካሚ 104፦ 2025-01-20 በስሪት 7 ላይ ተከልሷል፤ አሁን ያለው ስሪት 9 ነው። 49 ቀን ብቻ ቢሆነውም መታየት አለበት።
- ታካሚ 105፦ 2024-06-12 ተከልሷል፤ 2025-02-03 የገባው ክለሳ ግን የሌላ ሰው መዝገብ ሆኖ ተሽሯል። በ91 ቀን እንዳለፈበት መታየት አለበት።

ከ5ቱ አንዱ እንኳ ከተጠበቀው ውጭ ከመጣ ወደ ሥራ አያስገቡት። 103 ከጠፋ ስህተቱ በማገናኛው ላይ ነው፤ 105 ካልታየ የተሻሩት ረድፎች አልወጡም ማለት ነው።

ደረጃ 11፦ ሥራ ከጀመረ በኋላ በየጊዜው ያጣሩ

በየሳምንቱ ዝርዝሩን ለሚመለከተው ክፍል ያድርሱ። በዝርዝሩ ላይ የታካሚ መለያ ቁጥር እንጂ ስምና ምርመራ አይስፈር፤ በኢሜይል ከመላክ ይልቅም ባለሙያው በራሱ መግቢያ ገብቶ እንዲያየው ያድርጉ። በየወሩ ደግሞ ተከልሰዋል ከተባሉት ውስጥ 20 ያህሉን በዕጣ አውጥተው አንድ የሕክምና ባለሙያ በእጁ እንዲያመሳክራቸው ይጠይቁ። መዝገቡ ከተከፈተበት እስከ ቁልፉ እስከተጫነበት ያለውን ጊዜም ይመልከቱ፤ 12 መድኃኒት ያለበት ዝርዝር በ2 ሰከንድ አይከለስም። እንዲህ ያለ ነገር ሲበዛ ሠራተኛውን ከመውቀስ በፊት ቁልፉ በሥራው ሂደት ውስጥ ያለ ቦታው መግባቱን ይመርምሩ።

በተደጋጋሚ የሚታዩ ስህተቶች

በጅምላ የሚደረግ ለውጥ ክለሳን መፍጠሩ። በራሴ ላይ የደረሰው ይህ ነው፤ የስልክ ቁጥሮችን አጻጻፍ አንድ ወጥ ለማድረግ በአንድ ሌሊት ሁሉንም መዝገቦች ያሻሻለ ትዕዛዝ ስሰጥ፣ ቀደም ሲል የተሠራ ትሪገር (ለውጥ ሲደረግ ዳታቤዙ በራሱ የሚያስኬደው ትዕዛዝ) የመጨረሻውን የክለሳ ቀን ከማሻሻያው ጋር አያይዞ ስለነበር፣ በማግስቱ ክለሳ የደረሰበት ታካሚ አንድም አልነበረም። ለግማሽ ቀን ያህል ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ነበር። የክለሳ ረድፍ የሚፈጠረው በባለሙያ ድርጊት ብቻ እንጂ በትሪገር መሆን የለበትም።

የተደገሙ መዝገቦችን ካዋሃዱ በኋላ የአንዱን የክለሳ ቀን መውረስ። የሁለቱም ታሪክ ይቀመጥ፣ ነገር ግን የተዋሃደውን ዝርዝር እስካሁን ያየው ሰው ስለሌለ አዲሱ መዝገብ ያልተከለሰ ሆኖ ይጀምር።

በመረጃ ልውውጥ ወቅት ቀኖችን ማምታታት። የሕክምና መረጃ በሲስተሞች መካከል በሚተላለፍበት በኤችኤል ሰቨን ፋየር መስፈርት «ለመጨረሻ ጊዜ የተሻሻለበት» የሚለው የሜታ (ስለ መዝገቡ ራሱ የሚገልጽ) መስክ የመዝገቡ ስሪት የተለወጠበትን ጊዜ ብቻ ይይዛል። ክለሳን ለሌላ ሲስተም ማስተላለፍ ሲፈልጉ ፕሮቨናንስ በተባለው፣ መረጃው ከማንና እንዴት እንደመጣ በሚመዘግበው ሪሶርስ (የመረጃ ዓይነት)፣ የተከለሰውን ስሪት ለይቶ በሚጠቁም መልኩ ይላኩት።

ክለሳ ከኦዲት መዝገብ ጋር መቀላቀሉ። የኦዲት መዝገብ ማን ምን እንደከፈተ ለማወቅ የሚያዝ የደኅንነት መሣሪያ ነው፤ በተወሰነ ጊዜ ወደ ማኅደር ሊወርድ ስለሚችልም የክለሳ ታሪክ ከእርሱ ጋር አብሮ እንዲወርድ አይፈልጉም።

በኤክሴል ለሚሠሩ

ለክለሳ የተለየ ሉህ ይክፈቱና እያንዳንዱን ክለሳ በአዲስ ረድፍ ያስገቡ፤ ዓምዶቹ ከደረጃ 3 ጋር አንድ ናቸው። ቀኑን የዛሬን ቀን በሚሰጠው ፎርሙላ አይሙሉ፤ ፎርሙላው ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር ስለሚታደስ መዝገቦቹ ሁሉ በየቀኑ «ዛሬ የተከለሱ» ይሆናሉ። በዊንዶውስ ላይ የኮንትሮል ቁልፍን ይዘው የ; ምልክትን ሲጫኑ የማይለወጥ የዛሬ ቀን ይገባል። ሲደረድሩ ሠንጠረዡን በሙሉ ይምረጡ፤ የቀኑ ዓምድ ብቻውን ከተደረደረ የአንዱ ታካሚ ክለሳ ለሌላው ይሄዳል፣ ፋይሉ ከተቀመጠና ከተዘጋ በኋላም የትኛው የማን እንደነበር የሚታወቀው ከመጠባበቂያው ቅጂ ብቻ ነው።